የተኛች ልጄን ዞሬ አየኋት

እኔ ካገሬ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን አልቆጥረውም። ያኔ ላጤ ነበርኩ፣ ዲቪ ደርሶኛል፣ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ላይ ጓደኞቼ እያጨበጨቡ ሸኙኝ፣ እኔም ጥርሴን እያሳየሁ ሄድኩ። ስደት ማለት ሁለተኛው ነው። ጥቂት ዓመት አትላንታ ሠርቼ፣ ተመልሼ ምሕረትን አግብቼ፣ ገና ተላምደን ሳንጨርስ ትቻት የወጣሁበት ምሽት።

ያረፍነው አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ በወላጆቿ ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር። የማንጎ ወቅት ነው። የበሰለው ከዛፉ እየለቀቀ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ቤቱ ይጮኻል፣ እኔም በደነገጥኩ ቁጥር ምሕረት ትስቅብኛለች። ያን ምሽት ግን አልሳቀችም። ሻንጣዬን ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። በመጨረሻ ራሷ አድርቃ የፈጨችውን የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ጠቅልላ በሸሚዞቼ መሃል አስገባችው።

"መናኸሪያ ድረስ አልመጣም" አለችኝ። "ሰው መሃል ማልቀስ አልወድም።"

"እዚህስ?"

"እዚህ አልቅሼ ጨርሻለሁ።"

ከዚያ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። "ገና አይንቀሳቀስም፤ ግን ሰላም በለው።" ሰላም አልኩት። ወንድ መስሎን ነበር።

መኪናው ሳይነጋ ነው የሚነሳው። እናቷ እማማ ዘነበች ግቢው በር ድረስ ሸኝተውኝ ግንባሬን ስመው መርቀውኝ ተመለሱ። በመስኮቱ ስመለከት ከተማዋ ገና እንቅልፍ ላይ ነበረች። ሲነጋጋ የአባያ ሐይቅ ቀይ ውኃ በአንድ በኩል፣ የሙዝ እርሻው በሁለቱም በኩል እየሸሸ፣ እኔ ግን የተቀመጥኩበት ቦታ የቀረሁ ነበር የሚመስለኝ።

አትላንታ ኤርፖርት ስደርስ አንድ ወፍራም መኮንን ሻንጣህን ክፈት አለኝ። ፌስታሉን አነሳው። ወደ መብራቱ ያዘው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቅጠል ነው።"

"የምን ቅጠል?"

"የሚበላ።"

"ማነው የሚበላው?"

"እኛ።"

ፊቱ ሲከብድ ጊዜ ላረጋጋው ብዬ ጥቅሙን መዘርዘር ጀመርኩ። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ለወገብ ሕመም። ነገሩን አባስኩት። "መድኃኒት ነው እያልከኝ ነው?" አለኝ። "አይደለም ጌታዬ፣ እራት ነው" አልኩት። ከጎኑ ያለው ሽማግሌ መኮንን መጥቶ አሸተተውና ሣቀ። "ሚስቴ ይህንን በክኒን ትገዛዋለች፤ በጠርሙስ" ብሎ ለባልደረባው ሌላ ነገር ነገረውና ለቀቁኝ። ከእነ ቅጠሌ ወጣሁ። የምሕረት እጅ የነካው ነገር አሜሪካን አገር ገባ ብዬ እንደ ትልቅ ድል ነበር የቆጠርኩት።

አትላንታ ዳር፣ ስኔልቪል የሚባል ሰፈር ቤዝመንት ያከራዩኝ እትዬ አስቴር ይባላሉ። ሆስፒታል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እሑድ ከቸርች የማይቀሩ፣ ለሕግ የተፈጠሩ ሴት ናቸው። ሕጋቸውን ደረጃው ላይ ቆመው ነው የነገሩኝ።

"ድራይቭዌዩ ላይ ፓርክ እንዳታደርግ፤ የልጄ ነው። ላውንደሪ ቅዳሜ ብቻ። ሽንኩርት ማቁላላት የለም፤ ካርፔቱ ይይዘዋል።"

"ታዲያ ወጥ እንዴት ልሥራ እትዬ?"

"ሳታቁላላ ሥራ።"

"ያልተቁላላ ወጥ አለ እንዴ?"

"አለ። ሾርባ ይባላል።"

ቤዝመንቱ አንድ መስኮት አለው። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚታየኝ የሣር ሥርና አንዳንዴ የሚያልፍ የሽኮኮ እግር ነው። ለሰው ስናገር ቤት ተከራይቻለሁ እላለሁ። ለምሕረት ብቻ ነው "መሬት ውስጥ ነው ያለሁት" ያልኳት። "ድንች ሆንክ" አለችኝ።

እንደተመለስኩ ወዲያው የእሷን የመምጫ ፕሮሰስ ፋይል አደረግኩ። ጠበቃው ወረቀቱን ተቀብሎ የሰጠኝ ምክር አንድ ቃል ነው፤ ጠብቅ። እየጠበቅኩ ሥራ ቀየርኩ። ጆርጂያ ውስጥ ዐውሎ ነፋስና በረዶ በወረደ ቁጥር የሰው ጣራ ይጎዳል፤ ጥዱም ቤቱ ላይ ይወድቃል። ጉዳቱን ፎቶ አንስቶ ለኢንሹራንስ የሚያቀርብ አንድ ትንሽ ድርጅት ሰው ሲፈልግ ሄድኩ። አለቃው ግሌን የሚባል፣ ቃሉን እንደ ሸንኮራ እያላመጠ የሚናገር የደቡብ ሰው ነው።

"ከፍታ ትፈራለህ?" አለኝ።

"አልፈራም።"

"ብትፈራም ግድ የለም። የሚወጣው ድሮኑ ነው፤ አንተ እዚህ ሣሩ ላይ ነህ።"

እማማ ዘነበች ሥራ ማግኘቴን ሰምተው በስልክ ሊመርቁኝ ፈለጉና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ጣራ ፎቶ አነሳለሁ እማማ።"

"የማንን ጣራ?"

"የሰው።"

"ሰዎቹንስ?"

"እነሱን አላነሳም።"

"እንግዲህ እሱ ያውቃል" አሉ። ምርቃቱን ግን አልከለከሉኝም።

ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ድሮኑን ሳንዲ ስፕሪንግስ ወይም ሌላ ሰፈር ያለ አንድ ቤት ላይ አስነሳለሁ፣ ዙሪያውን እያዞርኩ አንዱ ፎቶ ሌላውን በከፊል እንዲደርብ አድርጌ ብዙ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቢሮ ሄጄ ኮምፒውተሩ ላይ አፕሎድ አደርጋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲያጉረመርም ቆይቶ ያ ሁሉ ጠፍጣፋ ፎቶ አንድ ቤት ሆኖ ይነሳል። በጣት እየገፉ የሚያዞሩት፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ የሚያዩት ቤት። የመጀመሪያ ቀን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ግሌን እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳኝ አልገባኝም ነበር። የገባኝ የመኪናው መስኮት ትዝ ሲለኝ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ስትሄዱ ዳር ያለው ሙዝ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ራቅ ያለው ጎጆ ቀስ ይላል፤ የጉጌ ተራራ ደግሞ ከናንተ ጋር አብሮ የሚጓዝ ይመስላል። የቀረበ ነገር ብዙ ይንሸራተታል፣ የራቀ ነገር ጥቂት። ኮምፒውተሩም በአንዱ ፎቶ ላይ ያየውን ነጥብ በሌላው ፎቶ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ምን ያህል እንደተንሸራተተ አይቶ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። ይህንን በሺህ ነጥብ ላይ ሲያደርገው ቤት ይሆናል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ልጄ የተወለደች ቀን አንድ ሀብታም ሰው ግቢ ሣር ላይ ቆሜ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እማማ ዘነበች ናቸው፤ "ሴት ናት፣ እናቷም ደህና ናት" ብለው እልልታውን ሲያቀልጡት ድሮኑ አናቴ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። አውርጄው ራሴን ይዤ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የቤቱ ባለቤት በመስኮት አይታኝ ወጥታ "ጣራዬ ያን ያህል ተጎድቷል?" አለችኝ። "ጣራሽ ደህና ነው፤ ልጅ ወልጄ ነው" ስላት ቀዝቃዛ ውኃ አምጥታ ሰጠችኝ። የልጄን መወለድ የደገስኩት በዚያ ውኃ ነው።

ስሟን ኤልዳና አልናት። በስልክ ነው ያሳደግኳት። ኔትወርኩ ሲመጣ አፍንጫዋ ይታየኛል፣ ሲሄድ ፊቷ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ይበልጥ የከበደኝ ግን ያሉበትን ቤት አለማወቄ ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ከግቢው ጥግ ሁለት ክፍል ቤት ተሠርቶላቸዋል፤ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ምሕረት "ቆይ ውኃ ልዝጋ" ብላ ስትነሳ ወደ የት እንደምትሄድ አላውቅም። ልጅቷ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭታ ስታለቅስ ከምን ጋር እንደሆነ አላውቅም። ባል ነኝ፣ አባት ነኝ፣ የቤቴን ጓዳ የማላውቅ። የሰው ቤት ግን ከአናቱ እስከ አሸንዳው አውቃለሁ።

አንድ ቀን ግሌንን ጠየቅኩት። ከሥራ ሰዓት ውጪ በሶፍትዌሩ የራሴን ቤት ልሥራበት አልኩት።

"የት ነው ቤትህ?"

"ኢትዮጵያ።"

"በረዶ መታው?"

"አልመታውም።"

"ኢንሹራንሱ ማነው?"

"ኢንሹራንስ የለውም። ቤቴ ስለሆነ ማየት ፈልጌ ነው።"

ግሌን ለረጅም ጊዜ አየኝና "አንተ ሰው፣ መጀመሪያ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ" ብሎ የቢሮውን ቁልፍ ሰጠኝ።

ምሕረት የሒሳብ መምህርት ናት። ቤቱን በስልኳ ፎቶ እንድታነሳልኝ ስነግራት በአንድ ቀን ይገባታል ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በቴሌግራም ልካ እስኪደርሱኝ ሳምንት ሞላ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስጭናቸው ምንም አልወጣም። አንድ የተጨማደደ ነገር ብቻ። ለካ ክፍሉ መሃል ቆማ በራሷ ዙሪያ እየዞረች ነው ያነሳችው።

"እየዞርሽ አይሆንም" አልኳት። "ባንድ ቦታ ቆመሽ ከዞርሽ የራቀውና የቀረበው አይለይም። በግድግዳው ጥግ ወደ ጎን እየተራመድሽ አንሺ። እንደ ሸርጣን።"

"ሸርጣን አይቼ አላውቅም። እንደ አዞ ካልክ እሺ።"

ሁለተኛው ዙር ተሻለ፤ ግድግዳው ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ። ነጭ ግድግዳ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ምልክት የለውም። ነገርኳት። ትምህርት ቤት ሄዳ አሮጌ ቻርቶች ተውሳ መጣች፤ የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የሰው አካል ክፍሎች፣ የአፍሪካ ካርታ። ሁሉንም ሰቀለቻቸው። እማማ ዘነበች ገብተው ሲያዩ "ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ ወይ?" ብለው ጮኹ፤ በስልኩ ሰማኋቸው። ይህን ጊዜ ቤቱ ወጣ። ቁም ሣጥኑ፣ ጠረጴዛው፣ መጋረጃው። የቁም ሣጥኑ መስታወት ግን ኮምፒውተሩን አታለለው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሌላ ክፍል ፈጠረ፣ ሌላ አልጋ ያለው።

"ትርፍ ክፍል አለሽ" አልኳት።

"አከራዪው በለኛ። ሽንኩርት ለማያቁላላ።"

እነዚያ ሳምንታት ከተለያየን ወዲህ የተደሰትንባቸው ነበሩ። ስለ ፕሮሰስ ማውራት ትተን ስለ ጓዳው እናወራ ነበር። በጣቴ እየገፋሁ ቤቴ ውስጥ ገባሁ፣ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ የውኃው ጀሪካን የት እንደሚቀመጥ አወቅኩ። "ቆይ ውኃ ልዝጋ" ስትል አሁን አብሬያት እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነም። ኤልዳና የለችም። ያኔ መሮጥ የጀመረችበት ጊዜ ነው፤ ምሕረት ፎቶ ስታነሳ ከኋላዋ ከፊቷ ትሮጣለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባንዱ ፎቶ እዚህ፣ በሌላው እዚያ የታየን ነገር አያምነውም። አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። የሚያምነው ዝም ብሎ የተቀመጠውን ነው፤ ወንበሩን፣ ባልዲውን፣ ግድግዳውን። ከልጄ የቀረው አልጋው አጠገብ ያለ ቢጫ ጭጋግ ነበር፣ የቀሚሷ ቀለም፤ ጭጋጉ ደግሞ ጠረጴዛውን አበላሽቶታል።

እኔም ባለሙያ ሆኛለሁ አይደል? ደወልኩና እንዲህ አልኳት፤ "አንዴ ብቻ ድገሚው። ስታነሺ ኤልዳናን እማማ ጋ ላኪያት፤ ሥራውን እያበላሸችው ነው።"

ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ።

"ሃሎ?"

"አለሁ" አለች። "ልጅህ የሌለችበትን ቤት ነው የምትፈልገው?"

"ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም። ለጥራቱ ነው..."

"ጠረጴዛውን አነሳሁልህ። ከአልጋ ሥር ያለውን ጫማ አነሳሁልህ። ባልዲ አነሳሁልህ። ወደ ጎን ስራመድ ሰው ሳቀብኝ። እኔን አንድ ቀን 'አንቺስ የታለሽ' ብለኸኛል? ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ውስጥ የለሁም። አሁን ደግሞ እሷ ትውጣልህ። ባዶ ቤት ከፈለግክ እዚያ ያለው አይበቃህም?"

ዘጋችው።

ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ታነሳለች፣ "ደህና ነን" ትላለች፣ ስልኩን ለልጅቷ ታቀብላለች። ኤልዳና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሳይሆን አፏ ላይ ነው የምታደርገው፤ የምሰማው ትንፋሿን ነው። ቅዳሜ ዶራቪል ገበያ ሄጄ በሌላ ስም የሚሸጥ ትኩስ የሽፈራው ቅጠል አገኘሁ፣ ቀቀልኩት፣ በዳጣ በላሁት፣ ቅጠሉ ሽፈራው ነው፣ ጣዕሙ ግን አልመጣም። አንድ የሜክሲኮ ማንጎም ገዛሁ፤ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፣ ይበስላል ብዬ መስኮቱ ላይ ባስቀምጠው ከርሞ ሳይበስል ተጨማደደ። ሥራ ቦታ የሰው ቤት በኮምፒውተር እያዞርኩ "እነዚህስ የት ሄደው ነው?" ማለት ጀመርኩ። አንድም ቤት ውስጥ ሰው አይታይም። ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሳ ስልኬ በፎቶ ተሞልቷል። አንድም ቃል የለውም። ከፈትኩት።

ኤልዳና ናት፤ ተኝታለች። ምሕረት ለቀን እንቅልፍ አስተኝታት፣ መጋረጃውን ከፍታ፣ አልጋውን ከግድግዳ አርቃ፣ ዙሪያዋን ወደ ጎን እየተራመደች አንስታታለች። ከራስጌ፣ ከግርጌ፣ ከላይ፣ ከጎን። አልጋ ልብሱ አበባ አበባ ያለው ነው፤ ብዙ ምልክት ያለው ጨርቅ መርጣ ነው ያነጠፈችው። ከልጅቷ አጠገብ ደግሞ የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያዋን፣ አንድ ሜትሩን እንጨት፣ አስተኝታዋለች። ይህን አልነገርኳትም ነበር፤ የሒሳብ መምህርት ናትና ራሷ ደረሰችበት። ኮምፒውተሩ ከፎቶ ብቻ ቅርጽን ያውቃል እንጂ መጠንን አያውቅም። አንድ ልኩ የታወቀ ነገር ካላሳያችሁት ዝሆንም ይሁን አይጥ ለሱ አንድ ነው።

ሥራ ቀድሜ ገባሁ። ግሌን ቡናውን ይዞ ከኋላዬ ቆመ። ኮምፒውተሩ አጉረመረመ፣ ነጥብ ነጥብ መጣ፣ ከዚያ አልጋው፣ ከዚያ ልጄ።

እስከዚያ ቀን ያየሁት ፊቷን ብቻ ነው። ስልክ ፊት እንጂ ሌላ አያሳይም። አሁን ዞርኳት። ማጅራቷን አየሁ። ጸጉሯ አናቷ ላይ የሚዞርበትን፣ ልክ የኔ ወንድም እንዳለው አይነት ሁለት ሽክርክሪት አየሁ። ከጆሮዋ ኋላ ያለውን እጥፋት፣ የተከፈተ እጇን፣ የእግሯን ውስጥ፤ አፈር ነበረበት። የሲቀላ አፈር። ሮጣ ሮጣ የተኛች ልጅ እግር ነው። አንድ ጊዜ አዞራታለሁ፣ እንደገና እመልሳታለሁ። ግሌን ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋልኝ።

ደወልኩላት። ሳለቅስ ስለሰማች ቀድማ ተናገረች።

"ወጣች?"

"ወጣች።"

"ሙሉዋን?"

"ሙሉዋን። እግሯን ታጥባ አልተኛችም።"

"ከቻልክ አንተ አጥባት" አለችኝና ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

በማስመሪያው ልክ ቁመቷን አገኘሁ። ማታ ቤዝመንቱ ግድግዳ ላይ በእርሳስ አሰመርኩት። እጄን እዚያ ከፍታ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ጉልበቴን አለፍ ትላለች። እንዲህ ትንሽ መሆኗን፣ እንዲህም ትልቅ መሆኗን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ እትዬ አስቴር ላውንደሪ ሊያወርዱ ሲመጡ መሥመሩን አዩት።

"ግድግዳዬን ምን አደረግከው?"

"ልጄ ናት እትዬ።"

"የታለች?"

"እዚህ ድረስ ናት ማለቴ ነው።"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ቅርጫቱን መሬት አስቀምጠው፣ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን መሥመሩ ላይ ዘረጉት፤ የልጅ አናት እንደሚደባብስ ሰው። "የኔም ታላቁ እዚህ ድረስ ሲሆን ነው ትቼው የመጣሁት" አሉ። "ሲመጣ ከኔ ይረዝም ነበር።" ከዚያ ቅርጫታቸውን አንስተው ደረጃውን ሲወጡ "ስትመጣ ግድግዳው ይቀባል። እስከዚያ ይቆይ" አሉኝ። የዚያን ሰሞን ሽንኩርት አቁላላሁ። ሸትቷቸዋል፤ ምንም አላሉም።

የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ሲደርስ ምሕረት ኤልዳናን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ብዙ አልጠየቀቻትም።

"ባልሽ ምን ይሠራል?"

"የቤት ጣራ ፎቶ ያነሳል።"

"ጣራ ላይ ወጥቶ?"

"አይደለም፣ ሣር ላይ ቆሞ።"

ሴትዮዋ ይህንን ረጅም ጊዜ ጻፈችው፤ ምሕረት ምን ያህል ቃል እንደሚፈጅ አልገባትም። ፓስፖርታቸውን መልሳ፣ ጉዳያችሁ ገና እየታየ ነው የሚል ወረቀት ሰጠቻቸው። እምቢ አልተባልንም፤ እሺም አልተባልንም። ምሕረት ከአዲስ አበባ ስትመለስ ሶዶ ላይ ሆና ደውላ ነገረችኝ። "ኮርሱን አላለፍንም፣ አልወደቅንም። ኢንኮምፕሊት ነው" አለች፤ መምህርት ናት።

ይኸው እስካሁን እየታየ ነው። መሥመሩ ግድግዳው ላይ ሦስት ሆኗል። ምሕረት ኤልዳና በተኛች ቁጥር ሳይሆን አልፎ አልፎ ታነሳታለች፤ ልጅቷ አሁን አድጋለች፣ የቀን እንቅልፍ እምቢ ብላለች። ባለፈው የላከችልኝ ላይ ግን የቁም ሣጥኑን መስታወት ወደ ራሷ አዙራ ቆማ ነበር። ኮምፒውተሩ በልማዱ ከመስታወቱ ጀርባ ክፍል ሲፈጥር እሷንም አብሮ ፈጠራት። ከወገቧ በላይ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ ትንሽ ደብዝዞ። ስለዚህ አሁን ቤቴ ውስጥ ሚስት አለችኝ።

እኔም ተራዬን ያለሁበትን ቤት ላኩላቸው። ቅዳሜ ዕለት ሙሉ እንደ ሸርጣን ስራመድ ዋልኩ፤ አልጋዬን፣ ምድጃውን፣ ሶፋውን አነሳሁ። ለኤልዳና ብዬ አንድ ትንሽ ወንበር ገዝቼ ሶፋው አጠገብ አስቀምጬ እሱንም አነሳሁት። ሊንኩን ለምሕረት ላኩላት።

እሑድ ከቸርች በፊት ደወልኩ። እኔ ጋ ጠዋት ነው፤ እነሱ ጋ ፀሐይዋ ወደ ተራራው እያዘነበለች ነው። ምሕረት ስልኩን ስፒከር አድርጋ በእናቷ ስልክ ቤቱን ለኤልዳና እያሳየቻት ነበር።

"ገብታለች" አለችኝ። "ጣቷን ማቆም አልቻልኩም።"

"ኤልዳዬ፣ የት ነሽ?"

"ባንተ ቤት ነኝ አባቢ።"

"ምን አየሽ?"

"አልጋ። ምድጃ። ወንበሬን አየሁት። አንተ ግን የለህም።"

"ፎቶውን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ ነው የኔ ቆንጆ።"

"እማዬም እንዲህ ትላለች" አለች። ጣቷን ስትጎትት ቆየች። "አባቢ፣ እዚህ በር አለ።"

"አዎ፣ መውጫው ነው።"

"አይከፈትም። እየገፋሁት ነው።"

በር አይደለም፣ የበር ቆዳ ነው፤ ፎቶው ሲነሳ ዝግ ነበርና ለሁልጊዜ ዝግ ነው። ይህን ለልጅ እንዴት ትሉታላችሁ?

"የሚከፈተው ከዚህ ከውስጥ ነው" አልኳት።

"እሺ ክፈትልኝ።"

ስልኩን እንደያዝኩ ተነስቼ ሄድኩ። ቁልፉን አዞርኩ፣ እጀታውን ሳብኩ፣ በሩ ካርፔቱን እየፋቀ ተከፈተ። ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ የእርጥብ ጥድ ሽታ ይዞ። ስልኩን ወደ በሩ ዘርግቼ ያዝኩት።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አለች ኤልዳና። ከዚያ የስልኩን መስታወት በጣቷ ስትገፋ፣ ስትገፋ ይሰማኛል። "እኔ ጋ ግን አሁንም ዝግ ነው አባቢ። እንዳትዘጋው፣ እየገፋሁ ነው።"

አልዘጋሁትም።